መልስ፦ ፒያኖም አስተማሪም ሳይኖረኝ መጀመር እችላለሁ?

እህቴ፣ ደብረ ማርቆስ ሆነሽ፣ ያለ ፒያኖና ያለ አስተማሪ፣ ከሥራ በኋላ ጭንቀት የሚያቀልልሽን ሙዚቃ መጫወት ትችይ እንደሆነ ጠይቀሻል። ትችያለሽ። ፒያኖውን እርሺውና 61 ቁልፍ ያለው ኪቦርድ ፈልጊ። በባትሪም የሚሠራ ይሁን፤ የመብራቱን ነገር ታውቂዋለሽ።

ኖታ ማንበቡ ይቆይ። መጀመሪያ ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ ንኪ። በየኦክታቩ፣ ማለትም በየ12 ቁልፉ ዙር፣ 5 ናቸው። ሦስቱ ጎን ለጎን ካሉበት በግራ ያለውን መነሻ ካደረግሽ፣ በእጅሽ ያለው ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት ነው! ጆሮሽ ከልጅነትሽ ያውቀዋል፤ የትኛውንም ብትነኪ ብዙ አይጎረብጥም። በነጮቹ ከፈለግሽ ደግሞ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ዶ ማለት ሁለቱ ጥቁሮች ጎን ለጎን ካሉበት ወዲያው በግራ ያለው ነጭ ቁልፍ ነው። ግራ እጅሽ ዶና ሶልን ቀስ ብሎ ይመላለስባቸው፣ ቀኙ እንዳሻው ያንጎራጉር። ምት የሚቆጥርልሽን ሜትሮኖም በደቂቃ 60 ላይ አድርጊው። ለማረፍ የተቀመጠ ሰው ምን ያስቸኩለዋል? አንቺሆዬን ግን ለኋላ አቆዪው፤ ቅኝቱ ድንቅ ነው፣ ለማረፊያ ግን ለእኔ ትንሽ ይከረክራል።

በእግር የሚረገጠውን ፔዳል ካገኘሽ ግዢ። ድምፁን የሚያስረዝመው እሱ ነው። ግራ እጅሽ ቦታ ሲቀይር እግርሽን ካላነሳሽለት ግን ሁሉም ይደባለቃል። ጎረቤት ካሳሰበሽ ኢርፎን ሰኪ። ጭንቀቱ እንቅልፍ የሚነሳ ዓይነት ከሆነ ግን ሐኪምም አማክሪ።