በስጦታ ስለሚመጣው ሴስና 206፦ ደብረ ብርሃን ከመድረሱ በፊት ምን ይሠራለት?

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ወንድማችን የጠየቁት ይህን ነው፦ ውጭ አገር ያለች ቤተ ክርስቲያን ስድስት ዓመት የቆመ፣ በፈረንጅ 1970ዎቹ የተሠራ ሴስና 206 የተባለ ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ለአገልግሎታችሁ ልትሰጥ ፈቅዳለች። መቀመጫው ደብረ ብርሃን ሆኖ ሐኪሞችን፣ መድኃኒትንና መጽሐፍ ቅዱስን ወደ መንዝና መርሐቤቴ ያመላልሳል። ምን ይሠራለት?

ሥራው ሁሉ እዚያው በለጋሾቹ አገር ይለቅ። እዚያ በሳምንት የሚገኝ ዕቃ እዚህ ወራት ያስጠብቃል። «ይምጣና እኛ እናድሰዋለን» ካላችሁ አውሮፕላኑ ክረምቱን ሜዳ ላይ ያሳልፍና ሌላ ብልሽት ይጨምርባችኋል።

መጀመሪያ ግን ሞተሩ ቱርቦ (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) እንዳለው ጠይቁ። ደብረ ብርሃን 2840 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት። ቀትር ላይ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ ስለሚሳሳ አውሮፕላኑ ከ3600 ሜትር በላይ እንዳለ ሆኖ ነው የሚሠራው። ቱርቦ የሌለው 206 ባሕር ጠረፍ ላይ ያለው 300 የፈረስ ጉልበት እዚህ ወደ 200 ይወርዳል። በዚያ ጉልበት ጭነት ይዞ ከሣር ሜዳ መነሣት አደጋ ነው። ቱርቦ ያለው ግን ሙሉ ጉልበቱን እዚህም ይሰጣል። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው ለሸዋ ሮቢት ቆላ ይሆን ይሆናል እንጂ ለመንዝ አይሆንም፤ ይህንን ለለጋሾቹ በግልጽ መንገር ምንም ነውር የለውም።

ሞተሩ የሠራው ሰዓት ጥቂት ነው ቢሏችሁ አትጽናኑ። አምራቾቹ ዕድሜውን በሰዓትም በዓመትም ይቆጥራሉ፤ 12 ዓመት ሲሞላው ሙሉ እድሳት ይመክራሉ። ምክንያቱ ዝገት ነው። ሲቆም ዘይቱ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ይወርድና እርጥበት ይተካዋል። «በየወሩ አሥር ደቂቃ እናስነሣው ነበር» ካሉ ደግሞ ይበልጥ ጠርጥሩ፤ አሥር ደቂቃ ዘይቱን በደንብ ስለማያሞቀው ከቃጠሎው የመጣው ውሃ ሳይተን ዘይቱ ውስጥ ቀርቶ አሲድ ይሆናል። ፕሮፔለሩን በእጅ ማዞርም የቀረችውን ዘይት ከመጥረግ በቀር አይጠቅምም። እንግዲህ መካኒኩ ካንዴላዎቹን ፈትቶ እያንዳንዱን ሲሊንደር በቦሮስኮፕ (በቀዳዳ በሚገባ ቀጭን ካሜራ) ይመልከት፤ ፎቶውንም ይላክላችሁ። ኮምፕሬሽን ሲለካ አየሩ በየት እንደሚያፏጭ ያዳምጥ፦ በጭስ ማውጫው ከሆነ የጭስ ቫልቩ፣ በዘይት መሙያው ከሆነ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ነው። የዘይት ፊልትሮውንም ቆርጦ ይዘርጋው፤ ማግኔት የሚይዘው ብናኝ ከተገኘ ቫልቮቹን የሚከፍቱት ካምሻፍቱና ታፔቶቹ ሳይታዩ ሞተሩ አይታመንም። የነዳጅ፣ የዘይትና የፍሬን የጎማ ቱቦዎች ደህና ቢመስሉም ሁሉም ይለወጡ፤ ከውስጥ ይላላጣሉ። የቱርቦው የጭስ ቧንቧ ብየዳና ማያያዣ ስንጥቅ ካለው የሚወጣው ነበልባል የሞተሩን ክፍል ሊያቃጥል ይችላል።

በቆዩት ሞዴሎች ክንፍ ውስጥ ያለው ነዳጅ መያዣ የጎማ ከረጢት ነው። ባዶውን ከቆመ ደርቆ ይሰነጠቃል። የባሰው ግን መጨማደዱ ነው፦ ውሃ እጥፋቱ ውስጥ ይቋጠርና ከታች ስታንጠባጥቡት አይወጣም፤ አፍንጫው ቀና ሲል ወደ ሞተር ይሄዳል። ተዘርግቶ በትክክል መታሰሩን ሳታዩ አትቀበሉ።

የመቀመጫውን ሐዲድ አትርሱ። ቀዳዳዎቹ ካለቁ አውሮፕላኑ ሲነሣ የአብራሪው መቀመጫ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ መሪውን ይዞ አብሮ ስለሚስበው አፍንጫው ከልክ በላይ ይቃናል፣ አውሮፕላኑም ይወድቃል። ሁለተኛ ማቆሚያ ይገጠምለት። የኋላው የጭነት በርም ፍላፕ (ከክንፉ ኋላ ወደ ታች የሚወርደው ክፋይ) ወርዶ ሳለ የፊተኛው ክፋዩ አይከፈትም፤ ተሳፋሪዎች ይህን ከመነሣታቸው በፊት ማወቅ አለባቸው። ከሞተሩ ጀርባ ያለው የብረት ግድግዳ የተጨማደደ ከሆነ ደግሞ አንድ ቀን በፊት እግሩ ክፉኛ አርፏል ማለት ነው።

የጎማ ሽፋኖቹ ይውለቁ፤ በክረምት መረሬው ውስጣቸው ተጠቅጥቆ ጎማውን ያስረዋል። በምትካቸው ሰፊው 8.50-6 ጎማና ጠንካራው የፊት እግር ሹካ ይግባ። የፍሬን ሸራው አዲስ ይሁን። በዚህ ስስ አየር የፍጥነት መለኪያው 100 ሲያሳይ አውሮፕላኑ በእውነት ወደ 120 እየሄደ ነው፤ ፍሬኑ የሚያበርደው ኃይልም 44 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

ነዳጅ ዕቅዱን ሁሉ ሊያቆመው ይችላል። ይህ ሞተር የሚጠጣው ሰማያዊውን አቭጋዝ (የአውሮፕላን ቤንዚን) እንጂ ጄት ኤ 1ን (የጄቶችን ነጭ ጋዝ መሰል ነዳጅ) አይደለም። በሰዓት 60 ሊትር ገደማ ስለሚፈጅ አንድ የ200 ሊትር በርሜል ከሦስት ሰዓት እምብዛም አያልፍም። አቅርቦቱ በጽሑፍ ሳይረጋገጥ አታስጭኑት፤ ካልተገኘ አውሮፕላኑን ሸጠው ገንዘቡን እንደ ሴስና ካራቫን ላለ ጄት ኤ 1 ለሚጠጣ አውሮፕላን እንዲያውሉት ለምኗቸው። ጄት ኤ 1 በስሕተት ከተቀላቀለ ሞተሩ መሬት ላይ ደህና ሊሠራ ይችላል፤ ከተነሣ በኋላ ግን ይሰበራል። ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ጣሉ፦ አቭጋዝ ተንኖ ይጠፋል፣ ጄት ኤ 1 የቅባት ክብ ይተዋል። በርሜሎቹን አጋድሟቸው፤ ቀጥ ብለው ከቆሙ ክዳናቸው ላይ የተኛው የዝናብ ውሃ በሌሊቱ ብርድ ወደ ውስጥ ይሳባል።

ወረቀቱን በአጭሩ፦ የጥገና መዝገቦቹ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ፣ የግዴታ ጥገናዎች ዝርዝር፣ ለእያንዳንዱ ማሻሻያ ማጽደቂያው፣ ከምዝገባ የተሰረዘበት ማስረጃና ወደ ውጭ መላኪያ የብቃት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋሉ። የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የአውሮፕላኑን ዕድሜ ይቀበል እንደሆነና የቀረጡን ነገር ከመጫኑ በፊት ጠይቁ። በኮንቴይነር ከመጣ ክንፎቹ፣ የጅራቱ አግድም ክንፍና ዋናው እግር ይፈታሉ፤ እያንዳንዱ ቡሎንና የመሪ ገመድ ምልክት ይለጠፍበት፣ በየሲሊንደሩም የዝገት መከላከያ ዘይት ይረጭ።

ከኅዳር እስከ ጥር ጠዋት ጠዋት ክንፉ ላይ የሚያድረው ውርጭ ትንሽ ቢመስልም ክንፉ የማንሣት ኃይሉን ያጣል። ማታ በጨርቅ ሸፍኑት። ሙቅ ውሃ አታፍስሱበት፤ ማጠፊያዎቹ ውስጥ ገብቶ መልሶ ይቀዘቅዛል።

ሁሉም ሲገጠም እንደገና ይመዘን። ከነጭነቱ የተፈቀደለት ክብደት 1633 ኪሎ ነው። ባዶው 1000 ከሆነ፣ 150 ሊትር ነዳጅ 108 ኪሎ፣ አብራሪው 80 ሲቀነስ 445 ኪሎ ይተርፋል። ይህ በወረቀት ያለው ጣሪያ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን በረራዎች በግማሹ፣ በማለዳ፣ ነፋሱ ሳይነሣ አድርጉ።