«ኩብኩባ» እጭ ይባላል?

ጥያቄ፦ ለገበሬዎች የሚታደል በራሪ ወረቀት አዘጋጃለሁ። ስለ በረሃ አንበጣ ስጽፍ አንዱ ባልደረባዬ «የአንበጣ እጭ በል» ይለኛል፤ ሌላው «ኩብኩባ በል» ይለኛል። «የኩብኩባ መንጋ በረረ» ሲባልም ሰምቻለሁ። ትክክሉ የትኛው ነው?

መልስ፦ «ኩብኩባ» ብለው ይጻፉ። ኩብኩባ ማለት ክንፍ ያላወጣ አንበጣ ነው። ይዘላል፣ ይተማል፣ ያገኘውን ቅጠል ይግጣል፤ አይበርርም። ከበረረማ ስሙ አንበጣ ሆኗል፤ ስለዚህ «ኩብኩባ በረረ» ስህተት ነው።

«እጭ» ለምን አይስማማም? እጭ የምንለው ወላጁን ጨርሶ የማይመስለውን ልጅ ነው። የንብ እጭ እግርም ክንፍም የሌለው ነጭ ትል ነው፤ በማር እንጀራው ክፍል ውስጥ ተከድኖ፣ ፑፓ የሚባለውን ደረጃ አልፎ ነው ንብ የሚሆነው። የቢራቢሮ፣ የዝንብና የጢንዚዛ አስተዳደግም እንዲሁ ነው። አንበጣ በዚህ በኩል አያልፍም። ሴቷ የሆዷን ጫፍ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ሰድዳ እንቁላሏን ትቀብራለች። ከዚያ የሚፈለፈለው ከመነሻው ራሱ፣ ደረቱና ሆዱ የተለየ፣ ባለ ስድስት እግር፣ የኋላ እግሩ ለዝላይ የረዘመ ትንሽ አንበጣ ነው። ሲያድግ ቅርፊቱ ስለሚጠብበው አውልቆ ይጥለዋል። በመንጋ የሚኖረው ኩብኩባ አምስት ጊዜ እንዲህ ያደርጋል፤ በደረቱ ላይ ያለው የክንፍ እምቡጥ በየጊዜው እየጎላ ሄዶ በአምስተኛው ሙሉ ክንፍ ይዘረጋል። ፌንጣ፣ በረሮና ምስጥም ልጆቻቸው ወላጆቻቸውን ይመስላሉ፤ ለእነሱ ግን እንደ ኩብኩባ ያለ የታወቀ የልጅነት ስም አላውቅም። ለአንበጣ ያለንን በ«እጭ» መለወጥ በእጅ ያለ ሀብት መጣል ይመስለኛል።

ቃሉን በቦታው ማዋል ለማሳውም ይጠቅማል። ኩብኩባ በእግሩ ስለሚሄድ እዚያው ባለበት መድኃኒት ይረጭበታል። ክንፍ ካወጣ በኋላ መንጋው ከነፋስ ጋር በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ይችላል፤ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ ደግሞ በቀን 35 ሺህ ሰው የሚመገበውን ያህል ይበላል። በ2012 ዓ.ም. የደረሰውን ያየ ገበሬ ይህን ከእኔ በላይ ያውቀዋል።

በወረቀትዎ ላይ ስለ ተምችም የሚጽፉ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። በትንቢተ ኢዮኤል 1፥4 ተምች፣ አንበጣ፣ ደጎብያና ኩብኩባ ተከታትለው ስለተጠሩ ብዙ ሰው የአንድ ዘር ልጆች ያደርጋቸዋል። ዛሬ ተምች የምንለው ግን፣ ነባሩም ሆነ በ2009 ዓ.ም. በቆሎ ላይ የታየው መጤ ተምች፣ የእሳት እራት እጭ ነው። «እጭ» እዚህ ላይ በትክክል ይገባል። አማርኛ ስም ያወጣው ሰብሉን ለሚበላው ለእጩ ነው፤ ሌሊት የሚበርረው ወላጁ የራሱ ስም ስላላገኘ «የተምች የእሳት እራት» ማለት ይበቃል። «ተምች በረረ» ግን አይበሉ።

ለበራሪ ወረቀትዎ እኔ ብሆን እንዲህ እጽፍ ነበር፦ «ኩብኩባ ካዩ፣ ክንፍ አውጥቶ አንበጣ ሳይሆን በፊት ለቀበሌዎ የግብርና ባለሙያ ያስታውቁ።»