የኤልፍ ዴክህን አትተወው፤ ኤልፍ ያልሆነውንም ካርድ አስገባ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ትናንት ማታ ከሥራ ስገባ ነው ያየሁት። ወዲያው ልመልስልህ ነበር፤ ግን የላክኸውን ዝርዝር አንድ በአንድ ሳላይ መናገር አልፈለግኩም። ዛሬ ቁጭ ብዬ አየሁት።

ሌሎችም እንዲከታተሉን ጥያቄህን ላሳጥረው። ማጂክ አሬና በሚባለው የካርድ ጨዋታ ላይ፣ በሂስቶሪክ (የቆዩ ካርዶችም በሚፈቀዱበት የጨዋታ ዓይነት)፣ የኤልፍ ዴክ (በኤልፍ ዘር ፍጡሮች የተሞላ የ60 ካርድ ስብስብ) ሠርተሃል። ከ24ቱ ላንድ (ማናን፣ ማለትም ለካርዶች የምትከፍለውን ኃይል፣ የሚሰጡ ካርዶች) ውጪ ያሉት 36 ካርዶች በሙሉ ኤልፍ ናቸው። 50 ጨዋታ ተጫውተህ ያሸነፍከው 17 ብቻ ነው። "ኤልፍ ያልሆነ ካርድ ባስገባ ጭብጡ ይበላሽብኛል? ወይስ ይሄን ትቼ ጠንካራ የሚባለውን ዴክ ልቅዳ?" ነው ያልከው።

ዴኩን አትተወው። ኤልፍ ያልሆነ ካርድም አስገባ። ሁለቱ አይጣሉም።

እኔ ኤልፍ የምጫወተው አሬና ስልክ ላይ ከመጣበት ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። የመጀመሪያ ዴኬ ልክ እንዳንተው ነበር። "ኤልፍ" የሚል የተጻፈበትን ካርድ ሁሉ ሰብስቤ አስገባሁ። ከአንዱ አንድ ኮፒ፣ ከሌላው ሁለት። ሥዕላቸው ደስ ይላል፣ ስማቸውም ደስ ይላል። ሜዳ ላይ ሲወጡ ግን፣ ሠርግ ቤት አንድ ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጡ የማይተዋወቁ ዘመዶች ሆኑብኝ። ሁሉም ዘመድ ነው፤ የሚያወራ ግን የለም። አንዱ ሕይወት ይጨምራል፣ አንዱ ብቻውን ያጠቃል፣ አንዱ ስድስት ማና እስኪሞላ እጄ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል።

ዝርዝርህን ሳይ ያው ነገር ነው የታየኝ። የአንድ ዴክ ጭብጥ የሚታየው ካርዶቹ አንዱ ለሌላው በሚሠራው ሥራ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለኤልፍ ዴክ የተነገረ ይመስለኛል። ላኖዋር ኤልቭስን ውሰድ። ማጂክ በ1993 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ከወጡት ካርዶች አንዱ ነው። ብቻውን ሲታይ 1/1 (ጉልበቱ አንድ፣ መቋቋሚያው አንድ) የሆነ ትንሽ ፍጡር ነው። ጎረቤት ሲያገኝ ግን ሌላ ነገር ይሆናል።

አንድ ጨዋታ በዝርዝር ላሳይህ። አንደኛ ተራ፦ ፎረስት የሚባለው ላንድ፣ ከዚያ ላኖዋር ኤልቭስ። ሁለተኛ ተራ፦ ሁለት ላንድ፣ አንድ ማና ደግሞ ከላኖዋር፣ በድምሩ ሦስት። ኤልቪሽ አርችድሩይድ ወጣ። እሱ ሌሎቹን ኤልፎች በሙሉ +1/+1 ያደርጋል። በሚቀጥለው ተራ ደግሞ ሜዳህ ላይ ባለው ኤልፍ ልክ ማና ይሰጥሃል። ሦስተኛ ተራ፦ በሦስቱ ላንድ ኤልቪሽ ሚስቲክ እና ድዋይነንስ ኤሊት አወጣሁ። ኤሊት ሌላ ኤልፍ ካገኘ አንድ 1/1 የኤልፍ ቶከን (ከዴክ ያልመጣ ተጨማሪ ፍጡር) ይዞ ይመጣል። አሁን ሜዳዬ ላይ አምስት ኤልፍ አለ። ሦስቱንም ላንድ ተጠቅሜ ጨርሻለሁ፤ ግን አርችድሩይድ ብቻውን አምስት ማና ሊሰጠኝ ይችላል።

አራተኛ ተራ። አራት ላንድ፣ አምስት ከአርችድሩይድ፣ ዘጠኝ ማና። ስምንቱን ከፍዬ ክሬተርሁፍ ቢሂሞዝን አወጣሁ። ክሬተርሁፍ ሲገባ ክሪቸሮችህ (ፍጡሮችህ) በሙሉ በቁጥራቸው ልክ ጉልበት ይጨምራሉ። ስድስት ነበሩ፤ ስለዚህ እያንዳንዳቸው +6/+6። ማና ያወጣው አርችድሩይድ ብቻ ስለሆነ ሌሎቹ ለማጥቃት ነፃ ናቸው። ላኖዋር 8፣ ሚስቲክ 8፣ ቶከኑ 8፣ ኤሊት 9፣ ራሱ ክሬተርሁፍ 11። ድምሩ 44። ተጋጣሚዬ ደግሞ ያለው 20 ሕይወት ነው። በመከላከያም አይቆምም፤ ሁሉም ትራምፕል (ከተከላካዩ የተረፈው ጉዳት ተጋጣሚውን የሚመታበት ችሎታ) አግኝተዋል።

አሁን ልብ በልልኝ። ክሬተርሁፍ ኤልፍ አይደለም። ካርዱ ላይ የተጻፈው "ቢስት" ነው። ግን ከእሱ በላይ የኤልፍ ዴክ ውስጥ ቤቱ የሆነ ካርድ አላውቅም። አምስት ትንንሽ ፍጡር ሜዳ ላይ ሲደረደር የልፋታቸውን ዋጋ የሚያስከፍልላቸው እሱ ነው። ሁለት ኮፒ ይበቃሃል። ከዚያ ከበዛ መጀመሪያ እጅህ ላይ እየመጣ ያስቸግርሃል።

ሁለተኛው ኤልፍ ያልሆነ ካርድ ኮሌክትድ ካምፓኒ ነው። አራት ማና ትከፍላለህ፤ ከዴክህ ላይ ስድስት ካርድ ታያለህ፤ ከመካከላቸው ዋጋቸው ሦስት ወይም ከዚያ በታች የሆኑ ሁለት ክሪቸሮችን በነፃ ሜዳ ላይ ታወጣለህ። እዚህ ላይ ሒሳብ ሠርቼልሃለሁ። አሁን ባለህ ዝርዝር ሦስትና ከሦስት በታች የሆኑ ኤልፎች 22 ናቸው። ካምፓኒን ብታስገባ ሁለት ክሪቸር የምታገኝበት ዕድል 72 በመቶ ገደማ ነው። 28 ብታደርጋቸው 87 በመቶ ይሆናል። 34 ብታደርጋቸው 95። ከባባዶቹን ኤልፎች ማስወጣት ያለብህ ደካማ ስለሆኑ አይደለም። ካምፓኒ ስለማያገኛቸው ነው።

ስለ ላንድ ደግሞ። 24 ላንድ ለዚህ ዴክ ብዙ ነው። ማና የሚሰጡ ኤልፎች አሉህና ወደ 20 አውርደው። ግን ላኖዋር ብቻ አይበቃም። አራት ኮፒ ላኖዋር ከ60 ካርድ ውስጥ ሲኖር፣ በመጀመሪያው ሰባት ካርድ ውስጥ ቢያንስ አንድ የማግኘት ዕድልህ 40 በመቶ ነው። አራት ኤልቪሽ ሚስቲክ ስትጨምርበት 65 ይሆናል። በሁለተኛ ተራ አርችድሩይድ ማውጣትና አለማውጣት ደግሞ በአብዛኛው የጨዋታው መልክ ነው። ሁለቱም ኮመን (በብዛት የሚገኝ) ካርድ ናቸው፤ ብዙ አያስከፍሉህም።

"ሁልጊዜ ላንድ ይጨርስብኛል፣ ሹፍለሩ ያደላል" ብለሃል። ካርታ የበወዘውን መውቀስ ከኮንከር ጊዜ ጀምሮ አብሮን ያለ ልማድ ነው፤ ስሜቱ ይገባኛል። ግን በአንድ ዙር ጨዋታ አሬና ከአንድ በላይ እጅ አውጥቶ የላንዱ ቁጥር ለዴክህ የሚመጥነውን ነው የሚሰጥህ። ያስቸገረህ ሌላ ነገር ይመስለኛል። ዝርዝርህ ላይ አምስትና ስድስት ማና የሚፈልጉ ዘጠኝ ካርዶች አሉ። ከእነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ እጅህ ላይ ሲቀመጡ አራት ላንድ እያለህም የምትጫወተው ነገር የለህም። "ላንድ አጣሁ" የሚል ስሜት የሚሰጠው ይሄ ነው።

እኔ ብሆን እንዲህ ነው የምጀምረው። ላኖዋር አራት፣ ሚስቲክ አራት፣ ኤሊት አራት፣ ኤልቪሽ ዋርማስተር አራት፣ አርችድሩይድ አራት፣ ሊፍ-ክራውንድ ቪዥነሪ አራት። ዋርማስተር ሌላ ኤልፍ በገባ ቁጥር፣ በአንድ ተራ አንድ ጊዜ፣ ቶከን ይሰጥሃል። ቪዥነሪ ደግሞ ኤልፍ በተጫወትክ ቁጥር አንድ ማና ከፍለህ ካርድ እንድትስብ ያደርግሃል። እጅህ ባዶ እንዳይሆን የሚጠብቅህ እሱ ነው። ከዚያ ሪልምዎከር አራት። ይሄኛው ይገርመኛል፤ ስሙም ሥዕሉም ኤልፍ አይደለም፤ ግን በሕጉ የሁሉም ዘር ነው የሚቆጠረው። አርችድሩይድ እንደ ልጁ ይቆጥረዋል። እነዚህ 28 ናቸው። ካምፓኒ አራት፣ ክሬተርሁፍ ሁለት፣ ላንድ 20። 54 ሆነ።

የቀሩት ስድስት ቦታዎች ያንተ ናቸው። እነሱን ማንም እንዲነግርህ አትፍቀድ፣ እኔንም ጨምሮ። ማርዊን የምትባለዋን ካርድ እንደምትወዳት ጽፈሃል። እኔም እወዳታለሁ። ሌላ ኤልፍ በገባ ቁጥር እሷ ታድጋለች፣ ባደገችው ልክ ማና ትሰጣለች። ሦስት ማና ናት፤ ስለዚህ ካምፓኒ ያገኛታል። ግን አራት ኮፒ አድርገሃታል። ሌጀንዳሪ ስለሆነች ሜዳ ላይ አንድ ብቻ ነው የምትቆመው፤ ሁለተኛዋ እጅህ ላይ ትታሰራለች። ሁለት አድርጋት። ቀሪዎቹን አራት ቦታዎች ከምትወዳቸው ርካሽ ኤልፎች ሙላ። የሰው ዝርዝር እንዳለ ገልብጠህ ከተጫወትክ ታሸንፍ ይሆናል፤ ካርዱ ሲወጣ የሚሰማህን ደስታ ግን አታገኘውም። አንተ ደግሞ ጥያቄህን የጻፍከው ለዚያ ደስታ ስትል እንደሆነ ከአጻጻፍህ ያስታውቃል።

አሁን ወደ ሽንፈቶችህ። ብዙዎቹ "ሁሉንም በአንድ ጊዜ ገደለብኝ" የሚሉ ናቸው። እኔም ይሄን ትምህርት በውድ ነው የተማርኩት። አንድ ምሽት ሦስተኛ ተራ ላይ እጄ ላይ ያለውን ሁሉ አወጣሁ። ስድስት ኤልፍ ተደረደረ። ስልኩን ለታናሽ ወንድሜ ዘርግቼ "እይ፣ አለቀለት" አልኩት። ተጋጣሚዬ ሦስት ላንድ ነበረው፣ ቀይ። አንገር ኦፍ ዘ ጎድስ ተጫወተ። ለእያንዳንዱ ክሪቸር ሦስት ጉዳት። አርችድሩይድ ቢኖርም ሌሎቹን ከ2/2 እና ከ3/3 በላይ አላደረሳቸውም። ሜዳው ባዶ ሆነ። እጄም ባዶ።

ከዚያ በኋላ አንድ ልማድ አዳበርኩ። ሜዳ ላይ ያለኝ ለማሸነፍ የሚበቃ ከሆነ ሁለት ካርድ እጄ ላይ አስቀራለሁ። ካምፓኒ ካለኝ ደግሞ በራሴ ተራ አልጠቀመውም። አራት ላንድ ክፍት ትቼ ተራውን አሳልፋለሁ። ተጋጣሚዬ ነጭ ቢሆንና አራተኛ ላንዱ ላይ ራዝ ኦፍ ጎድን ቢጫወት፣ ሁሉም ይሙት። ተራውን ሊጨርስ ሲል ካምፓኒን እጠቀማለሁ። ሁለት ኤልፍ ይገባሉ። ተራው የኔ ሲሆን ሜዳዬ ላይ ስለነበሩ ወዲያው ማጥቃት ይችላሉ። ኮሌክትድ ካምፓኒን ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰው የሚወደው ለዚህ ነው፤ በሰው ተራ ላይ ይሠራል። ማርዊንም እዚህ ጋ ትጠቅምሃለች፤ ሦስት ኤልፍ ከገባ በኋላ 4/4 ስለምትሆን አንገርን ተሻግራ ትቆማለች።

ማስተካከሉን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ ልንገርህ። በአንድ ጊዜ አሥር ካርድ አትቀይር። ከላይ ያልኩህን መሠረት ከሠራህ በኋላ ከአንድ ወይም ከሁለት ካርድ በላይ አትንካ። 20 ጨዋታ ተጫወትበት። እኔ አልጋዬ አጠገብ አንድ ደብተር አለችኝ። በተሸነፍኩ ቁጥር አንድ መስመር እጽፋለሁ፦ ስሸነፍ እጄ ላይ የቀረው ካርድ ምንድን ነው? የሁለት ሳምንት መስመሮች ሲደረደሩ አንድ ስም ደጋግሞ ይመጣል። የሚወጣው እሱ ነው። አንዴ ዋናው ችግሬ ነው ብዬ የማስበውን ካርድ ላወጣ ስል ደብተሩ ላይ ስሙ አንድም ጊዜ አልነበረም። ሌላ ነበር፤ ያውም እኔ የምወደው። ከፋኝ፣ ግን አወጣሁት፤ ዴኩም ተሻለው።

ዋይልድካርድህንም (ወደ ፈለግከው ካርድ የምትቀይረውን) ተጠንቀቅ። አሬና ላይ ካርድ መሸጥም ከጓደኛ ጋር መለዋወጥም የለም። አንዴ ወደ ካርድ የቀየርከው ዋይልድካርድ አይመለስም። ከላይ ከጠራኋቸው ውስጥ አርችድሩይድ፣ ዋርማስተር፣ ቪዥነሪ፣ ሪልምዎከርና ካምፓኒ ሬር (ብርቅ) ናቸው፤ ክሬተርሁፍ ሚቲክ (ከዚያም የባሰ ብርቅ) ነው። ሁሉንም በአንድ ሌሊት አትሥራ። እኔ መጀመሪያ አርችድሩይድን እሠራለሁ፣ ቀጥሎ ካምፓኒን። ቪዥነሪና ሪልምዎከር ይጠብቃሉ። እነሱ እስኪመጡ ድረስ ያሉህ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ማና ኤልፎች ቦታውን ይያዙ። ክሬተርሁፍም አንድ ኮፒ ይበቃል መጀመሪያ።

አዲስ ጀማሪ ሆነው ይሄን ለሚያነቡም፦ ላኖዋር ኤልቭስና አርችድሩይድ በ2024 በወጣው ፋውንዴሽንስ ውስጥ ስላሉ ስታንዳርድም (አዳዲስ ስብስቦች ብቻ የሚፈቀዱበት የጨዋታ ዓይነት) ላይ ይሠራሉ፤ ያ ስብስብ ቢያንስ እስከ 2029 እንደሚቆይ ተነግሯል። ካምፓኒ ግን እዚያ አይገባም፤ ሂስቶሪክ ላይ ነው የምትጫወቱት።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ዛሬ ማታ ዋይልድካርድ ሳትነካ ማድረግ የምትችለው ይሄ ነው። አራት ላንድ አውጣ፣ ከዘጠኙ ከባባድ ኤልፎች ሰባቱን አውጣ፣ ማርዊንን ሁለት አድርጋት። በምትኩ ላኖዋርና ሚስቲክን አራት አራት ሙላ። የቀረውን ክፍት ቦታ እጅህ ላይ ባሉት ርካሽ ኤልፎች ሸፍነው። 20 ጨዋታ ተጫወትና ስትሸነፍ እጅህ ላይ የቀሩትን ካርዶች ስም ጽፈህ ላክልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት እቤት ነኝ፤ አብረን እናየዋለን።