በአንድ ኪ አይወጣም፤ ከፋፍለው

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አየሁት። በአረንጓዴ ጨርቅ ፊት የተቀረጸ ቪዲዮ ይዘህ፣ አፍተር ኢፌክትስ በሚባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ኪ ልታወጣ ነው፤ ማለትም አረንጓዴውን አጥፍተህ ልጅቷን ብቻ ልታስቀር። ጨርቁ ተሸብሽቧል፣ በግራ በኩል ጨለም ይላል፣ ልጅቷ ጨርቁን ተጠግታ ቆማለች፣ የፀጉሯ ዳር አረንጓዴ ሆኗል። ድጋሚ መቅረጽ ደግሞ አይቻልም። ኪላይት (የአፍተር ኢፌክትስ ኪ ማውጫ) ላይ ስክሪን ጌይኑን፣ አረንጓዴው ምን ያህል ይጥፋ የሚለውን፣ ስትጨምረው ፀጉሯን ይበላዋል፤ ስትቀንሰው ጨርቁ እንደ ጭጋግ ይቀራል። «ስንት ላይ ላድርገው?» ነው ያልከው።

እንደዚያ የሚባል ቁጥር የለም። ለፀጉሩ የሚስማማው ሴቲንግ ሰውነቷን ይበሳሳዋል፤ ሰውነቷን የሚሞላው ደግሞ ፀጉሩን ይገድለዋል። ሁለቱን በአንድ ስላይደር ላስታርቅ ስትል ሌሊቱ ይነጋብሃል። ስለዚህ ከፋፍለህ ነው የምትሠራው።

መጀመሪያ ግን ፋይሉን እየው። በቴሌግራም በቪዲዮ መልክ ተልኮልህ ከሆነ ተጨምቋል። ኦሪጅናሉን በፋይል መልክ አስልክ። ቀላል ነገር ይመስላል፣ ግን ስንቱ ሰው በዚህ ብቻ ሲሰቃይ አይቻለሁ።

ቀጥሎ በፔን ቱል ዙሪያዋን ሰፋ ያለ ማስክ (የመቁረጫ ክልል) ሥራ። እጇ የማይደርስበትን ቦታ ሁሉ ቁረጠው። ከተንቀሳቀሰች ማስኩንም አብረህ አንቀሳቅሰው። ያ ያስቸገረህ የግራው ጨለማ አብዛኛው በዚህ ይሄዳል። ኪላይት መጨነቅ ያለበት ከሰውነቷ አጠገብ ስላለው ጨርቅ ብቻ ነው፤ ጥግ ላይ ያለው ሽብሽብ ምን አገባው?

አሁን ወደ ምስሉ። አብዛኛው ስልክም ሆነ መለስተኛ ካሜራ የሚቀርጸው 4:2:0 በሚባለው የቀለም አመዘጋገብ ነው። ብርሃኑ ለእያንዳንዱ ፒክስል ይመዘገባል፤ ቀለሙ ግን ለአራት ፒክስል አንድ ነው። 1920 በ1080 የሆነ ቪዲዮ የቀለም መረጃው 960 በ540 ብቻ ነው ማለት ነው። ኪ ደግሞ የሚቆርጠው በቀለም ነው። ዳሩ ላይ ደረጃ ደረጃ እየሠራ የሚያስቸግርህ ከዚህ የተነሳ ነው። የምታደርገው እንዲህ ነው፦ ሌየሩን ዱፕሊኬት አድርግ፣ የላይኛውን ብሌንዲንግ ሞድ ከለር ላይ አድርገው፣ አንድ ሁለት ፒክስል ብለር ስጠው። ብርሃኑ ስል እንደሆነ ይቆይና ቀለሙ ብቻ ይለሰልሳል። ኖይዝ ካለው መጀመሪያ ዲኖይዝ አድርግ። ሁለቱን ፕሪኮምፖዝ አድርገህ (እንደ አንድ ሌየር ጠቅልለህ) ኪውን ከዚህ ላይ አውጣ። ልብ በል፣ ከዚህ የምትወስደው ማቱን ብቻ ነው፤ ማት ማለት ነጩ የሚቀረውን፣ ጥቁሩ የሚጠፋውን የሚያሳይ ጥቁርና ነጭ ምስል ነው። የሚታየው ምስል ያልተነካው ኦሪጅናል ይሁን። አለበለዚያ ፊቷ ፕላስቲክ ይመስላል።

አሁን ዋናው ሥራ። ሁለት ማት ያስፈልግሃል፤ አንዱ ለዳሩ፣ አንዱ ለመሃሉ።

የዳሩን ስትሠራ ቀለሙን ከጨርቁ መሃል አትምረጥ። ከፀጉሯ ጎን፣ ፀጉሩን ሊነካ ትንሽ ከቀረው ቦታ ላይ ውሰድ። ቪውውን ስክሪን ማት ላይ አድርገህ ተመልከት። ስክሪን ጌይኑን 100 አካባቢ ተወው። ክሊፕ ብላክን (ጠቆር ያለውን ግራጫ ጥቁር የሚያደርገውን) እጅግ በጥቂቱ ንካው፣ ክሊፕ ዋይትን (ነጣ ያለውን ነጭ የሚያደርገውን) ባትነካው ይሻላል። ፀጉሩ ግራጫ ሆኖ እየሳሳ መጥፋት አለበት። ሸሚዟ ላይና ጉንጯ ላይ ግራጫ ቀዳዳ ታያለህ። ተወው፣ አትደንግጥ፤ እሱን የሚደፍነው ሌላው ማት ነው።

ለመሃሉ ሌላ ኮፒ ውሰድና እዚህ ላይ አትራራ። ሰውነቷ ሙሉ በሙሉ ነጭ እስኪሆን ክሊፕ ዋይትን ጎትተህ አውርደው። ዳሩ ይበላሻል፣ ይበላሽ። ከዚያ በሲምፕል ቾከር ወደ ውስጥ አጥብበው፣ ከዳሩ በደንብ እስኪርቅ ድረስ። ጠርዙን ትንሽ አለስልሰውና ከዳሩ ማት ጋር ደምራቸው። አረንጓዴ የሚያንጸባርቅ ነገር ከለበሰች፣ ለምሳሌ ቀበቶ ወይም የአንገት ጌጥ፣ እሱን በኪላይቱ ኢንሳይድ ማስክ በእጅህ ሸፍነው።

የግራው ጨርቅ ጠቆር ስላለ የራሱ ኪ ይገባዋል። የዳሩን ሌየር ዱፕሊኬት አድርገህ ቀለሙን ከዚያው ከጨለማው ጎን ምረጥ። ሁለቱን በማስክ ለያቸው፣ ጠርዛቸውንም አለስልሰው። መገናኛው የት ይሁን? ደረቷ ላይ አሳልፈው። እዚያ የመሃሉ ማት ስለሚሸፍነው ስፌቱ አይታይም። ከአናቷ በላይ መስመሩ መውጣቱ ስለማይቀር፣ ፀጉሩ ሳሳ ባለበት በኩል አሳልፈው።

ሽብሽቡ ከፀጉሯ ጀርባ ካለፈ ግን ይህም ላይበቃ ይችላል። ያኔ ክሊን ፕሌት ነው የሚያዋጣው። ክሊን ፕሌት ማለት እሷ የሌለችበት የጨርቁ ምስል ነው። ኪየሩ (ኪውን የሚያወጣው መሣሪያ) እያንዳንዱን ፒክስል ከራሱ ጀርባ ካለው አረንጓዴ ጋር ያነጻጽረዋል፤ አንድ ቀለም ይዞ ሁሉንም አይዳኝም። ዳቪንቺ ሪዞልቭ በሚባለው ሶፍትዌር ውስጥ፣ ፊውዥን ገጽ ላይ፣ ክሊን ፕሌት የሚባል ኖድ አለ። ከራሱ ከፉቴጁ ያወጣልህና ዴልታ ኪየር በሚባለው የፊውዥን ኪየር ላይ ትሰካዋለህ። ኑክ በሚባለው ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው ካለህ፣ እዚያ ያለው አይቢኬ የሚባል ኪየር ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ለእንዲህ ዓይነት ጨርቅ ከኪላይት ይልቅ ዴልታ ኪየርን ከነክሊን ፕሌቱ እመርጣለሁ፤ አዲስ ሶፍትዌር መልመዱ ካላስጠላህ።

አረንጓዴው ነጸብራቅ ሌላ ሥራ ነው፣ ከኪው ጋር አታምታታው። ብዙ ሰው የፀጉሩን አረንጓዴ ለማጥፋት ማቱን ይቆርጣል፤ ፀጉር የሚጠፋው እንዲህ ነው። ፀጉሩን አስቀርተህ ቀለሙን ቀይረው። ስፒል ሰፕሬሰር (ነጸብራቅ ማጥፊያው) የሚሠራው በቀላል ሒሳብ ነው፦ አረንጓዴው ከቀዩና ከሰማያዊው አማካይ በልጦ ከተገኘ ወደ አማካዩ ይወርዳል። ጥቁር ፀጉር ላይ ያለው አረንጓዴ ወደ ግራጫ ይሄዳል፣ ያም ጥሩ ነው። ከጨርቁ ተጠግታ ስለቆመች ግን ችግሩ ዳሯ ላይ ብቻ አይደለም። አገጯ ሥርና ክንዷ ላይም አለ። አድቫንስድ ስፒል ሰፕሬሰርን በትንሹ ስጠው። ካበዛኸው ቆዳዋ ሐምራዊ ይሆናል። አረንጓዴው ሲወርድ ብርሃኑም አብሮ ስለሚወርድ በከርቭ (በብርሃን ማስተካከያው) ትንሽ መልስለት።

እጇን በፍጥነት ስታወናጭፍ የሚደበዝዘው ነገር ግማሹ እጅ፣ ግማሹ ጨርቅ ነው። እዚያ ላይ ክሊፕ ካደረግህ ጣቶቿ ይቆረጣሉ። ለእነዚያ ፍሬሞች ብቻ ሮቶ ሥራ፤ ማለትም ፍሬም በፍሬም በእጅህ ቁረጥ። በኤአይ ባክግራውንድ የሚያጠፉ መሣሪያዎችን የሚጠቁምህ ሰው አይጠፋም። ለመሃሉ ማት ይሆናሉ፣ ሥራም ያቀልላሉ። ለፀጉር ግን አላምናቸውም፤ ከፍሬም ፍሬም ሐሳባቸውን ይቀያይራሉ።

ውጤቱን የምትፈትሸው በእውነተኛው ባክግራውንድ ላይ ይሁን። በቀይ ላይ አስቀያሚ የሚመስል ዳር መሃከለኛ ብርሃን ባለው ክፍል ላይ ላይታይ ይችላል። እያጫወትከውም እየው፤ በቆመ ፍሬም የማይታይ የዳር መንቀጥቀጥ ሲንቀሳቀስ ያፈጥብሃል። ከአናቷ የተበተኑ አንድ ሁለት ክሮች አንዴ እየታዩ አንዴ እየጠፉ ካስቸገሩህ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አጥፋቸው። እንደነበሩ ማንም አያውቅም።

ለሌላ ኤዲተር የምትሰጠው ከሆነ በፕሮሬስ 4444 ፎርማት ከነአልፋው (የትኛው ቦታ እንደሚታይና እንደማይታይ ከሚይዘው መረጃ ጋር) አውጣው፤ ኤች 264 አልፋ አይዝም። እሱ ጋር ሲከፈት በዙሪያዋ ቀጭን ጥቁር መስመር ከታየ ኪህን አትጠርጥር። አልፋውን ፕሪመልቲፕላይድ (ቀለሙ ቀድሞ ከአልፋው ጋር የተባዛ) ነው ወይስ ስትሬት (ያልተባዛ) ብሎ እንዳነበበው ጠይቀው።