መልስ፦ በዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ላይ የገመድ ማሳለፊያ ቀለበት ለማሰር ሁለት ቀለም ክር አብሬ ስጠመጥም አንዱ ለምን ይላላል?

ሁለቱን የክር ጥቅሎች በአንድ መወጠሪያ (ክሩን ወጥሮ በሚይዝ መሣሪያ) ስላሳለፍካቸው ነው፤ አንዱ ሲሳብ ሌላው ይለቃል። ለየጥቅሉ የራሱን መወጠሪያ አድርግለት። ከዚያ ክሮቹን በየተራ በጣትህ ሳብ እያደረግህ እኩል እስኪከብዱህ አስተካክል።

1. ጥቅሎቹን ጎን ለጎን አራርቀህ አስቀምጥ፤ ክሮቹ ዘንጉ ጋ እስኪደርሱ መነካካት የለባቸውም።
2. ውፍረታቸው አንድ ዓይነት ይሁን። ቀጭኑ ወፍራሙ ሥር እየገባ መስመሩን ያበላሽብሃል።
3. በየጥቂት ዙሩ ክሩን በጥፍርህ ገፋ አድርገህ ክፍተቱን ዝጋ።

ሦስተኛ ቀለም መጨመርም ይቻላል፣ ግን መጀመሪያ በሁለቱ እጅህን አፍታታ።

ውጥረቱን ግን አታብዛ። ሁለት ክር እኩል ሲጎትት ሳታውቀው ይጠብቃል፤ የቀለበቱ እግር (ክሩ የሚጠመጠምበት ክፍል) ሹል ከሆነ ደግሞ የካርቦን ዘንጉን ይበላዋል። ጠምጥመህ ስትጨርስ ቀለበቱ በአውራ ጣት ሲገፋ ትንሽ ፈቀቅ ካላለ፣ ኤፖክሲ (ክሩ ላይ ተቀብቶ የሚደርቅ ሙጫ) ከመቀባትህ በፊት ፈትተህ እንደገና ጠምጥመው።