ከገበያ ተረፈ ምርት ገቢ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ጥያቄ፦ ገበያ ላይ የሚጣለው አትክልትና ፍራፍሬ ብዙ ነው። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ከኮምፖስት፣ ማለትም ተረፈ ምርቱን አበስብሶ ከሚሠራ ማዳበሪያ። ብዙ ዕቃ አይጠይቅም። ግን ከአትክልትና ፍራፍሬው ከ80 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው ውሃ ነው። ሙሉ መኪና ጭናችሁ በመጨረሻ የምታገኙት ጥቂት ጆንያ ነው። ትርፉን በሰበሰባችሁት ክብደት ካሰላችሁት የመኪና ኪራዩ ይበላችኋል። የምትሠሩበት ቦታ ለገበያው ቅርብ ይሁን።

ጥያቄ፦ ክምሬ ይገማል፣ ውሃም ያንጠባጥባል።

መልስ፦ ደረቅ ነገር አንሶታል። ገለባ፣ ደረቅ ቅጠል፣ ሳጋቱራ ወይም የተቀዳደደ ካርቶን ጨምሩበት። መጽሐፉ ካርቦን (በደረቁ የሚበዛው) ለናይትሮጅን (በእርጥቡ የሚበዛው) ከ25 እስከ 30 ለ1 ይላል፤ ግቢ ውስጥ ማን ይለካዋል? አንድ እፍኝ ጨምቁት። አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ ልኩ ነው፤ ከፈሰሰ ደረቅ ይጨመር። መሃሉ ለተከታታይ ቀናት ከ55 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት፤ የአረም ዘርና የበሽታ ተህዋስያን የሚሞቱት ያኔ ነው። ዳር ያለውም ተራው እንዲደርሰው ገልብጡት።

ጥያቄ፦ ደንበኞቼ አንዴ ገዝተው አይመለሱም። ለምን?

መልስ፦ ወይ አልበሰለም፣ ወይ ፕላስቲክ አለበት። ያልበሰለ ኮምፖስት ችግኝ ይጎዳል። እርጥቡን በላስቲክ አሽጋችሁ ከሳምንት በኋላ ክፈቱት፤ ከከረፋ ገና ነው።

ፕላስቲኩ ይብሳል። አንዴ ከተሰባበረ በወንፊትም ያልፋል፤ መለየት ያለበት ነጋዴው ጋ ነው። ምክር ብዙም አይሠራም፣ በርሜል ይሠራል። ለሚበሰብሰው ብቻ የሚሆን በርሜል አስቀምጡ፣ በየቀኑም ባዶ አድርጉት። አንድ ቀን ሞልቶ ካደረ የተገኘው ሁሉ ይጣልበታል።

ጥያቄ፦ ከሙዝ ልጣጭ ከሰል ይሠራል?

መልስ፦ ይሠራል፣ ማድረቁ ግን ያሰለቻል። የበቆሎ ቆረቆንዳና የለውዝ ቅርፊት ይሻላሉ። አክስሎ፣ ፈጭቶ፣ በስታርች (በሚያጣብቅ ዱቄት) ለውሶ፣ ጨምቆ ቅርጽ ማስያዝ ነው። ጭሱ ስላነሰ ብቻ ቤት ዘግቶ ማንደድ እንደማይቻል ለገዢው ንገሩ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ገዳይ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም።

ጥያቄ፦ ስለ ጥቁሩ ወታደር ዝንብ ሰማሁ። ያዋጣል?

መልስ፦ የዝንቡ እጭ (ትሉ) ተረፈ ምርቱን በሁለት ሳምንት ገደማ ብዙ ይበላል። ደርቆ በፕሮቲን የበለጸገ የዶሮና የዓሣ መኖ ይሆናል፣ ትራፊውም ማዳበሪያ ነው። ገዢ ሳታገኙ ግን አትጀምሩ፤ ትሉ አይጠብቅም።

ጥያቄ፦ ባዮጋዝስ?

መልስ፦ ተረፈ ምርቱ አየር በሌለበት ሲብላላ የሚወጣውን ጋዝ ጨምቆ መሸጥ ውድ ነው። ለራሳችሁ ምድጃ ይሁን። ፍራፍሬ ብቻ ካበዛችሁበት ይኮመጥጥና ጋዙ ይቆማል፤ እበት ቀላቅሉበት።