የራውተር መግቢያንና ትእዛዞችን በስክሪፕት ስለማሠራት

በድሬዳዋ ውስጥ በከዚራ፣ በሳቢያንና በመጋላ ባሉት ቅርንጫፎቻችሁ የሚገኙትን የሲስኮ ራውተሮች ቅንብር በቴልኔት (ከርቀት ወደ መሣሪያ መግቢያና ማዘዣ ዘዴ) ገብቶ የሚቀዳ የፓይተን ስክሪፕት ጽፈው፣ የይለፍ ቃሉን ካስገባ በኋላ ግማሽ ውጤት ብቻ አምጥቶ ቀጥ እንደሚልብዎት ጠይቀዋል።

ችግሩ ከይለፍ ቃሉ የመጣ አይመስለኝም። ራውተሩ ረጅም ውጤት ሲያወጣ ገጹ እንደሞላ «ሞር» የሚል ቃል አሳይቶ ቁልፍ እስኪጫን ይጠብቃል፤ ስክሪፕቱ ደግሞ ከራውተሩ ስም ቀጥሎ የሚመጣውን የ# ምልክት ስለሚጠብቅ ሁለቱም ተፋጠው ይቀራሉ። ስለዚህ እንደገቡ አስቀድመው ውጤቱን በገጽ ሳይከፋፍል በአንዴ እንዲያወጣ የሚያደርገውን «ተርሚናል ሌንግዝ 0» (terminal length 0) የሚለውን ትእዛዝ ይላኩ።

ከዚህ ይልቅ ግን ቴልኔትን ራሱን እንዲተዉት አጥብቄ እመክርዎታለሁ፤ የይለፍ ቃሉን ሳይመሰጥር ይልካል፣ የፓይተን የቴልኔት ሞጁል የሆነው ቴልኔትሊብም ከፓይተን 3.13 ጀምሮ ከመደበኛው ላይብረሪ ተወግዷል። በኤስኤስኤች (መረጃውን መስጥሮ በሚልከው የመግቢያ ዘዴ) የሚሠራው ኔትሚኮ የተባለ የፓይተን ላይብረሪ ይህንን የገጽ ጉዳይ በራሱ ይፈታልዎታል። የይለፍ ቃሉን በፋይሉ ውስጥ አይጻፉት፤ ጌትፓስ የተባለው የፓይተን ሞጁል በየጊዜው ይጠይቅዎት።

ቅንብር ወደ መለወጥ ሲሸጋገሩ በአንድ ራውተር ብቻ ይጀምሩ። እኔ አንድ ጊዜ የተሳሳተ አክሰስ ሊስት (የትኛው ግንኙነት እንደሚፈቀድና እንደሚከለከል የሚወስን ዝርዝር) በስክሪፕት ልኬ ራሴን ከውጭ ቆልፌ፣ ከራውተሩ ጋር በቀጥታ የሚያገናኘውን ኮንሶል ኬብል ይዤ ከሐረር በደንገጎ ቁልቁል ድሬዳዋ ለመውረድ ተገድጃለሁ። ከለውጡ በፊት «ሪሎድ ኢን 10» (reload in 10) ብዬ ቢሆን ኖሮ፣ ለውጡን እስካላስቀመጥኩት ድረስ ራውተሩ ከ10 ደቂቃ በኋላ ጠፍቶ እንደገና ተነሥቶ ወደ ቀድሞ ቅንብሩ ይመለስ ነበር። ሁሉ ነገር ደኅና ከሆነ «ሪሎድ ካንስል» (reload cancel) ብለው ይሰርዙትና ቅንብሩን ያስቀምጡ።